ሒሳብን በሐለቃ



ቂሊንጦ ግቢያችን የገባነው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ልንማር ነው። የአፕላይድ ፈተና ሲቃረብ ግን በየዶርሙ የሚሰማው «ሒሳብ እኮ ለኔ አልተፈጠረም» የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ጥያቄውን ፎቶ አንስቼ ለቻትጂፒቲ እልካለሁ፤ መልሱን እገለብጣለሁ፤ አሳይመንቱ ያልቃል፤ ፍርሃቴ ግን እዚያው ነው። ፈተና ክፍል ደግሞ ስልክ አይገባም።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ክብ ሠርተን አንድ የፈራኢድ ጥያቄ አነሳን። አንዲት ሴት ባሏንና ሁለት የእናት የአባቷን ልጅ እህቶቿን ትታ ሞተች፤ ሌላ ወራሽ የላትም። የባል ድርሻ ግማሽ፣ የእህቶቹ ሁለት ሦስተኛ ነው። ስንደምረው 7/6 መጣ፤ ከሙሉው በለጠ! አንዱ «ደምረን ተሳስተናል» አለ፤ ሌላው «ድርሻው ነው የተሳሳተው» አለ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ቻትቦቱን «መልሱን አትንገረን፤ በጥያቄ ምራን» አልነው። እየጠየቀ ዐውል ላይ አደረሰን፦ ታህቱ ከ6 ወደ 7 ከፍ ይላል፤ ባል 3/7፣ እህቶቹ 4/7 ይወስዳሉ። የሁሉም ድርሻ ይቀንሳል፤ 3 ለ 4 የሆነው ንጽጽር ግን አይፈርስም። ኡስታዛችንም ትክክል ነው አሉን። ያን ቀን ሒሳብ ከሚያስፈራ ነገር ወደሚያከራክር ነገር ተለወጠብኝ።

መንገዱ ለኛ እንግዳ አይደለም። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ሆኖ ስለ አልጀብራ በጻፈው ኪታብ ለውርስ ስሌት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። አልጀብራ የሚለው ቃል ከኪታቡ ርዕስ፣ አልጎሪዝም የሚለው ደግሞ ከስሙ የመጣ ነው።

«ቻትቦት ይሳሳታል» የሚል ካለ ልክ ነው፤ ያውም በሙሉ ልብ ነው የሚሳሳተው። ስለዚህም ነው ብቻችንን አንጠይቀው የምለው። ብቻውን የተቀመጠ ተማሪ ስህተቱ ያልፈዋል፤ አራት ሆነው ሲቀመጡ አንዱ ይይዘዋል። የውርስ ፈትዋ ደግሞ ከዓሊም እንጂ ከስልክ አይወሰድም።

ጀመዓችን በሳምንት አንድ ቀን የሒሳብ ሐለቃ ይጀምር፤ ለወንድሞችም ለእህቶችም በየራሳቸው። ደንቡ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ በወረቀት እንሞክር፤ ከዚያ ፍንጭ እንጠይቅ፤ በመጨረሻ አንዳችን ስልክ ሳንይዝ ለሌሎቹ እናስረዳ። ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚያፍር ፍሬሽማን እዚህ «አልገባኝም» ማለት ይችላል። አልገባኝም ያለ ሰው መማር ጀምሯል።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም።