መራጩ የሰጠውን ወንበር ምክር ቤት ሊነፍግ ይችላልን? የጁሊያን ቦንድ የሕግ አውጪነት ጉዞ

በአሜሪካ የቴኔሲ ክፍለ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ ኤፕሪል 6 ቀን 2023 ሁለት ወጣት ጥቁር አባላቱን ከአባልነት አሰናበተ። ጀስቲን ጆንስና ጀስቲን ፒርሰን የተባሉት እነዚህ አባላት በናሽቪል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ስድስት ሰዎች በተገደሉ ማግሥት፣ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር እንዲጠብቅ የሚጠይቅ ተቃውሞ በጉባዔው አዳራሽ ውስጥ አሰምተው ነበር። የየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች በሳምንት ጊዜ ውስጥ በጊዜያዊነት መልሰው ወከሏቸው። በዚያው ዓመት ኦገስት በተካሄደ የማሟያ ምርጫም ሁለቱም አሸንፈው ወንበራቸውን አረጋገጡ።

ጉዳዩ ከ57 ዓመታት በፊት በጎረቤት ክፍለ ግዛት በጆርጂያ የተፈጸመ ሌላ ድርጊትን አስታውሷል። የዚያ ድርጊት ባለቤት ሚስተር ጁሊያን ቦንድ ሲሆኑ፣ የትውልድ ከተማቸውም ይህችው ናሽቪል ነች።

ሚስተር ቦንድ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1940 የተወለዱት ከምሁራን ቤተሰብ ነው። አያታቸው ጄምስ ቦንድ በባርነት ተወልደው ኮሌጅ ያጠናቀቁ ሰው ነበሩ። አባታቸው ዶክተር ሆራስ ማን ቦንድ ደግሞ በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ናቸው። ይህ ዩኒቨርሲቲ የጋናው ክዋሜ ንክሩማና የናይጄሪያው ናምዲ አዚኪዌ የተማሩበት መሆኑን ልብ ይሏል። እናታቸው ወይዘሮ ጁሊያ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ።

ወጣቱ ቦንድ በአትላንታ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገብተው ሳለ፣ እ.ኤ.አ በ1960 ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው የሚስተናገዱባቸውን ምግብ ቤቶች በመቃወም ከተነሱት ተማሪዎች መሪዎች አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴም የሕዝብ ግንኙነት ሥራውን በኃላፊነት ሰጣቸው። ለዚህ ሥራ ሲሉ ያቋረጡትን ትምህርት ተመልሰው ያጠናቀቁት በ1971 ነው።

ወደ ምክር ቤት የወሰዳቸውን በር የከፈተው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1964 የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት ተመጣጣኝ እንዲሆኑ በመወሰኑ፣ ጆርጂያ ክልሎቿን እንደገና ለማካለል ተገደደች። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ በ1965 በተካሄደው ምርጫ ሚስተር ቦንድ በ25 ዓመታቸው በከፍተኛ ድምፅ ተመረጡ።

ሆኖም ቃለ መሐላ ለመፈጸም በቀረቡበት ዕለት ያልተጠበቀ ነገር ገጠማቸው። ከጥቂት ቀናት በፊት አስተባባሪ ኮሚቴው የቬትናምን ጦርነት የሚያወግዝና ለውትድርና ጥሪ እምቢ ለሚሉ ወጣቶች ያለውን ሐዘኔታ የሚገልጽ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ሚስተር ቦንድ መግለጫውን እንደሚደግፉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የምክር ቤቱ አባላት ይህን ለአገር ታማኝ ካለመሆን ቆጥረው፣ ሰውየው የሚፈጽሙት መሐላ ከልብ ሊሆን አይችልም በማለት እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 በ184 ድምፅ በ12 ተቃውሞ ወንበሩን ነፈጓቸው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ድርጊቱን በመቃወም ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ የተደረገውን ሰልፍ መርተዋል።

ጆርጂያ በዚህ ረገድ ቀደም ያለ ታሪክ እንዳላትም መጥቀስ ያስፈልጋል። የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1868 አብዛኞቹን ጥቁር አባላቱን በቀለማቸው ምክንያት ያሰናበተ ሲሆን፣ የተመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ነው። በ1966 ግን የተሰጠው ምክንያት ቀለም ሳይሆን አስተያየት ነበር።

ባዶ የቀረውን ወንበር ለማሟላት በተጠራው ምርጫ መራጩ ሕዝብ ያንኑ ሰው መልሶ መረጠ። ምክር ቤቱ አሁንም አልተቀበላቸውም። በኅዳር ወር ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። በሥር ያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለምክር ቤቱ ፈርዶ ስለነበር፣ ጉዳዩ በይግባኝ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ።

ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 5 ቀን 1966 በሙሉ ድምፅ በሰጠውና ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን በጻፉት ፍርድ፣ የጆርጂያ ምክር ቤት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት መጣሱን አረጋገጠ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ምክር ቤት አንድ ተመራጭ እንደ ዕድሜና ነዋሪነት ያሉትን መመዘኛዎች ማሟላቱን ሊመረምር ቢችልም፣ መሐላውን ከልብ መፈጸም አለመፈጸሙን እመዝናለሁ በሚል ሽፋን ከብዙኃኑ የተለየ አቋም ያለውን ሰው ሊያገል አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሕግ አውጪ በሕዝብ ጉዳይ ሐሳቡን ለመግለጽ ያለው ነፃነት ከተራው ዜጋ ነፃነት ሊያንስ አይገባም፤ አለበለዚያ መራጮቹ በአደባባይ አከራካሪ ጉዳዮች ላይ የወኪላቸውን አቋም ሊያውቁ አይችሉም የሚል ነው።

ሚስተር ቦንድ በጃንዋሪ 1967 ወንበራቸውን ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት በቺካጎ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባዔ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠቁመው ነበር። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ስለሚጠይቅና እርሳቸው ገና 28 ስለነበሩ ራሳቸውን አግልለዋል። ዝናቸው በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ዓመታት ጋር ይያያዝ እንጂ፣ በምክር ቤት የቆዩት 20 ዓመት ነው፤ እስከ 1975 በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከዚያም እስከ 1987 በክፍለ ግዛቱ ሴኔት። በሴኔቱ ሳሉ በአትላንታ ጥቁሮች አብላጫ የሚሆኑበት የኮንግረስ ምርጫ ክልል እንዲካለል ተሟግተዋል። እ.ኤ.አ በ1986 ለዚሁ ወንበር ተወዳድረው ግን በትግል ጓዳቸው በጆን ልዊስ ተሸነፉ። ለፍሬ ያበቁትን ሌላው ለቀመው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በመምህርነት የሠሩ ሲሆን፣ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በሚል ምሕፃር የሚታወቀውን አንጋፋ የመብት ተሟጋች ማኅበር ቦርድ ከ1998 እስከ 2010 በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በኦገስት 2015 በ75 ዓመታቸው አርፈዋል።

የቴኔሲው ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ነው የሚሉ ተንታኞች ቢኖሩም፣ በሕግ ዓይን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሚስተር ቦንድ ላይ እርምጃ የተወሰደው ከምክር ቤቱ ውጭ ስለተናገሩት ነው። የቴኔሲዎቹ ግን የተሰናበቱት የጉባዔውን ሥርዓት አውካችኋል ተብለው፣ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አባሉን ለማሰናበት ያለውን ሥልጣን በመጠቀም ነው። ይህ ሥልጣን መኖሩ ባያከራክርም፣ አብረው ተቃውሞ ካሰሙት ሦስት አባላት መካከል ነጯ ግሎሪያ ጆንሰን በአንድ ድምፅ ልዩነት መትረፋቸው በአፈጻጸሙ ላይ ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም።

በእኛም አገር የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንዳይከሰስና አስተዳደራዊ እርምጃ እንዳይወሰድበት ይደነግጋል። አባሉ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ መሆኑንም ይገልጻል። የመራጩን አመኔታ ያጣ አባልም በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ያመለክታል። የጥበቃው ቃል የሚናገረው በምክር ቤቱ ውስጥ ስለሚሰጥ አስተያየት ነው። አባሉ ከአዳራሹ ውጭ፣ ለምሳሌ ለጋዜጠኞች ለሚሰጠው ቃል የሚኖረው ዋስትና ለማንኛውም ዜጋ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ከሚደነግገው ከአንቀጽ 29 የሚመነጭ ይሆናል። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለሚስተር ቦንድ የፈረደው በዚሁ ዓይነት ጠቅላላ ድንጋጌ ላይ ተመሥርቶ ነበር።