ስሙን ወሰዱ፤ ሰፈሩን ተዉት

በመኝታ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ የሳን ፍራንሲስኮን ሂፒዎች ፖስተር የለጠፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ለአንድ አፍታ ጆሯችሁን አውሱን። ሙዚቃውን ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ ጊታሩ እኛንም ደስ ያሰኘናል። የምንነቅፈው መርሳትን ነው።

«ፊልሞር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጠጉሩን ያስረዘመ ወጣት፣ ግድግዳ ላይ የሚፈስ ባለቀለም መብራትና «ፍቅርና ሰላም» የሚል ቃል ነው። ነገር ግን ፊልሞር አዳራሽ ብቻ ሳይሆን ሰፈር ነበር። የጃፓን ተወላጆች ይኖሩበት ነበርና በ1942 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) መንግሥት በግድ አስነሣቸው። በጦርነቱ ጊዜ መርከብ ሊሠሩ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያንም ሠፈሩበት። እነዚህም ሰፈሩን የጃዝ አገር አደረጉት፤ ቦፕ ሲቲ በተባለው ክበብ እነ ጆን ኮልትሬን ይጫወቱ ነበር።

አዳራሹስ የማን ነበር? ቻርልስ ሱሊቫን የተባለ ጥቁር ነጋዴ ተከራይቶት፣ የዳንስ ፈቃዱንም ይዞ፣ ታላላቅ ጥቁር ሙዚቀኞችን ያቀርብበት ነበር። ቢል ግርሃም በዲሴምበር 1965 የመጀመሪያውን ምሽት በዚያ ሲያዘጋጅ የሠራው በሱሊቫን ፈቃድ ነው። ሱሊቫን በ1966 በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ዛሬ የግርሃምን ስም የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ የለም፤ ሱሊቫንን ግን ከመካከላችን ስንቱ ያውቀዋል?

በዚያው ዘመን የከተማው መልሶ ማልማት መሥሪያ ቤት ሰፈሩን በቡልዶዘር ያፈርስ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ቦፕ ሲቲም በ1965 ተዘጋ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። በ1967 በጋ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በእግር በሚደረስበት በሄይት አሽበሪ አበባ በጠጉራቸው ሰክተው ሲሰበሰቡ፣ ፈረሳው አልቆመም። ግርሃምም በ1968 ከአሮጌው አዳራሽ ሲወጣ «ፊልሞር» የሚለውን ስም ይዞ ሄደ፤ ኒው ዮርክ ድረስም አደረሰው። ስሙ ተጓዘ፤ የስሙ ባለቤቶች ግን በፍርስራሽ መካከል ቀሩ።

«ሂፒዎቹ እኮ ጦርነትን ተቃውመዋል፤ የተራበ አብልተዋል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ዲገርስ የተባሉት ምግብ በነጻ አድለዋል፤ በጁን 1967 በሄይት አሽበሪ የተከፈተውም ነጻ ክሊኒክ ብዙ በሽተኛ ረድቷል። ይህን እናከብራለን። ነገር ግን አበባ ቡልዶዘርን አያቆምም። ቡልዶዘሩን ለጊዜውም ቢሆን ያቆመው፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች በ1967 ማኅበር አቋቁመው፣ ከስሰው በ1968 ያገኙት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በዚያው ከተማ የስቴት ኮሌጅ ተማሪዎችም ከኖቬምበር 1968 እስከ ማርች 1969 ትምህርት አቁመው፣ በፖሊስ ዱላ ተደብድበው፣ የጥቁሮችና የሌሎች ወገኖች ታሪክ የሚጠናበትን የትምህርት ክፍል አስከፈቱ። ያ ክፍል ዛሬም ያስተምራል። የእነርሱን ፖስተር ግን በማን ግድግዳ ላይ አየነው?

ፖስተራችሁን ቅደዱ አንልም። ከጎኑ አንድ ጥያቄ ለጥፉበት እንላለን፦ እኛ ስንጨፍር የአዳራሹ ጎረቤት የት ደረሰ? ይህን የማይጠይቅ ነጻነት የመግቢያ ትኬት እንጂ ነጻነት አይደለም።