የባሕር ጉልበት ሲለካ

ስለ ባሕር ታዳሽ ኃይል የሚጻፉ ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በትልልቅ አኃዞች ነው። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ ከውቅያኖሶች በንድፈ ሐሳብ ደረጃ በዓመት ሊገኝ ይችላል ብሎ የሚያቀርበው ግምት ከ45,000 እስከ 130,000 ቴራ ዋት ሰዓት የሚደርስ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ግምት እንኳ መላው ዓለም በአንድ ዓመት ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ይበልጣል። በአንጻሩ በባሕር ላይ የሚተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ሳይቆጠሩ ከባሕሩ ውኃ ራሱ ኃይል ለማመንጨት እስካሁን በዓለም ላይ የተተከለው አቅም ከግማሽ ጊጋ ዋት ብዙም አልራቀም፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የሚገኘው ከሁለት ግድቦች ብቻ ነው።

በተስፋውና በተጨባጩ መካከል ላለው ሰፊ ልዩነት ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የወጪ ጉዳይ ነው። ጨውንና ወጀብን ለዓመታት ተቋቁሞ የሚሠራ ማሽን ማምረትም ሆነ መጠገን ውድ በመሆኑ ምክንያቱ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው ሌላ ምክንያት በቂ ትኩረት አላገኘም። ከባሕር የሚወሰደው ጉልበት ደለል የሚያጓጉዘው፣ ጨዋማውንና ጨው አልባውን ውኃ የሚያደባልቀው፣ ለዓሣና ለአእዋፍ ምግብ የሚያደርሰው ያው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ "ምን ያህል ኃይል ይገኛል?" እና "ምን ያህል ጉዳት ይደርሳል?" የሚሉት ጥያቄዎች፣ መሐንዲሱ ቀድሞ የመጀመሪያውን፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያው ዘግይቶ ሁለተኛውን የሚመልሱላቸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሳይሆኑ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ላይ መመለስ ያለባቸው አንድ ጥያቄ ናቸው።

ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው ባሕሩን ስለሚጎትቱት በብዙ ጠረፎች ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ይህን ሙላትና ጉድለት ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያስችሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የባሕር ወሽመጥን ወይም የወንዝ አፍን በግድብ ዘግቶ በግድቡ ወዲህና ወዲያ በሚፈጠረው የከፍታ ልዩነት መጠቀም ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለ ግድብ በጠባብ ሰርጥ ውስጥ በሚተመው ውኃ መካከል ተርባይን መትከል ነው።

በሁለተኛው መንገድ የሚገኘውን ኃይል መገመት ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። የሚፈስ ውኃ የሚሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በ10 በመቶ አብዝቶ የገመተ ሰው ኃይሉን በ33 በመቶ አብዝቶ ይገምታል። ከዚህም በላይ ተርባይኖች በተደረደሩ ቁጥር ሰርጡ ለውኃው እየከበደ ስለሚሄድና ፍሰቱም ስለሚቀንስ፣ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ የሚጨመር ተርባይን ጠቅላላውን ምርት ከማሳደግ ይልቅ ይቀንሰዋል። በሰሜን ስኮትላንድና በኦርክኒ ደሴቶች መካከል የሚገኘው የፔንትላንድ ሰርጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስለ ሰርጡ የተሰጡት ቀደምት ግምቶች ከ1 እስከ 18 ጊጋ ዋት ገደማ የተራራቁ ነበሩ፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራውና በ2013 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመው ጥናት ግን ተርባይኖች በፍሰቱ ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ በስሌቱ ውስጥ ሲያስገባ፣ በአማካይ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን 1.9 ጊጋ ዋት ገደማ መሆኑን አሳየ። የተጽዕኖው ጥያቄ ወደ ስሌቱ ሲገባ የአቅሙ መልስም አብሮ ተለወጠ ማለት ነው።

ስለ ግድቡ መንገድ የሚያስተምረው ደግሞ በፈረንሳይ ብሪታኒ ግዛት፣ በሴንት ማሎ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የራንስ ጣቢያ ነው። በ1966 የተመረቀው ይህ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 10 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 24 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን፣ በዓመት 500 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ እያመረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። ቦታው የተመረጠው በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ ከ8 ሜትር ስለሚበልጥና በአንዳንድ ቀናት 13 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚደርስ ነው። መሐንዲሶቹ ግንባታውን በደረቅ መሬት ላይ ለማካሄድ ሲሉ የወንዙን አፍ በጊዜያዊ ግድቦች ለሦስት ዓመታት ያህል ከባሕሩ ለዩት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባሕሩ መግባትና መውጣት ስላቆመ፣ የታቆረው ውኃ ጨዋማነቱ ከወትሮው ወረደ፣ ደለሉም ከታች ተኛ፤ ጨዋማ ውኃና የማያቋርጥ እንቅስቃሴ የለመዱት ዕፅዋትና እንስሳት ከሞላ ጎደል ጠፉ። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ሕይወት ቀስ በቀስ ቢመለስም አዲስ ሚዛን እስኪፈጠር ድረስ ወደ 10 ዓመት ወስዷል፤ የተፈጠረው ሚዛንም የቀድሞው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ከባዱን ጉዳት ያመጣው የተርባይኖቹ መሽከርከር ሳይሆን ለግንባታ ምቾት ሲባል የተወሰደ አንድ ውሳኔ መሆኑ ነው። በፈረንሳይ ከትልልቅ ግንባታዎች በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲካሄድ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1976፣ ማለትም ጣቢያው ከተመረቀ ከ10 ዓመት በኋላ ነበር። ደለሉ እስከ ዛሬም ያልተቋጨ ጣጣ ሆኖ ከግድቡ በስተጀርባ መከማቸቱን ቀጥሏል። የቆቃ ሐይቅ በደለል ምን ያህል እንደተጠቃ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ መነሻው የተለያየ ቢሆንም፣ ችግሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ያው ቴክኖሎጂ ግን በደቡብ ኮሪያ ተቃራኒ ውጤት አስገኝቷል። ሲህዋ በተባለው ሥፍራ 12.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ግድብ በ1994 የተጠናቀቀው ለኤሌክትሪክ ሳይሆን ለመስኖ የሚሆን ጨው አልባ ሐይቅ ለመፍጠር ነበር። ከፋብሪካዎችና ከመኖሪያ ሰፈሮች የሚወጣው ፍሳሽ የታቆረውን ውኃ ስለበከለው የመስኖው ዕቅድ ከሸፈ። በ2011 በዚያው ግድብ ላይ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተከፍቶ ባሕሩ በየቀኑ መግባትና መውጣት ሲጀምር፣ ኤሌክትሪክ ከመገኘቱም በላይ የሐይቁ ውኃ ተሻሻለ። በራንስ ሕያው የነበረ የወንዝ አፍ ለኃይል ሲባል ተዘጋ፤ በሲህዋ ደግሞ አስቀድሞ ተዘግቶ የታመመ ውኃ ለኃይል ሲባል ተከፈተ።

የኮሪያ ሰዎች ከዚህ ስኬት በኋላ ጋሮሪም በተባለው የባሕር ወሽመጥ 520 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ከሲህዋ እጥፍ የሚበልጥ ጣቢያ ለመገንባት የቀረበላቸውን ዕቅድ አልተቀበሉም። ወሽመጡ ሰፊ ጭቃማ ዳርቻ ያለው፣ ዓሣ አጥማጆች የሚተዳደሩበት፣ አቆስጣ የተባለው የባሕር አጥቢ እንስሳም የሚመላለስበት ሲሆን፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የቀረበለትን የተጽዕኖ ግምገማ በ2014 ውድቅ አድርጎ መልሶታል። ይህ ውሳኔ ከሲህዋ ግንባታ ያላነሰ ምስጋና ይገባዋል፤ ምክንያቱም አንዱን ሥፍራ ያዳነ ማሽን ሌላውን ሊያጠፋ እንደሚችል ተረድቶ እያንዳንዱን ቦታ በራሱ መዝኗል።

ግድብ የማያስፈልጋቸው ተርባይኖች ወሽመጥ ስለማይዘጉ ከራንስ መሰል ጉዳት ነጻ ናቸው፤ ከጥርጣሬ ግን ነጻ አይደሉም። በ2008 በሰሜን አየርላንድ በስትራንግፎርድ ወሽመጥ የተተከለው፣ 1.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውና ሲጄን የተባለው ማሽን በዚያ የሚኖሩትን አቆስጣዎች በስለቶቹ እንዳይመታ ተሰግቶ ነበር። ስለዚህ በድምፅ ሞገድ ውኃውን የሚቃኝ መሣሪያ ተገጥሞለት፣ እንስሳ ሲቀርብ እንዲቆም ተደረገ። ለሦስት ዓመታት የተካሄደው ክትትል ከባድ ጉዳት አላሳየም። ውጤቱ የሚያጽናና ቢሆንም፣ እንስሳ በቀረበ ቁጥር የሚቆም ማሽን ሳይቆም ቢሠራ ምን ይከተል እንደነበር ሊያሳይ አይችልም፤ ከአንድ ማሽን የተገኘ ማስረጃም በመቶ ለሚቆጠሩት ዋስትና አይሆንም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ትክክለኛው መንገድ ሥራውን መከልከል ሳይሆን፣ በጥቂት ማሽኖች ጀምሮ እየለኩና ውጤቱን በይፋ እያሳተሙ ቁጥሩን ማሳደግ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ማቃጠሉ በቀጠለ ቁጥር የባሕሩ ውኃ መሞቁና አሲዳማነቱም መጨመሩ ስለማይቀር፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ለባሕሩ አይጠቅመውም።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ቀጣናዋ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በቀይ ባሕር የሙላትና የጉድለት ልዩነት በመካከለኛው ክፍል ከምንም የማይቆጠር፣ በጫፎቹም ከአንድ ሜትር ብዙም የማይዘል ስለሆነ፣ እንደ ራንስ ያለ ግድብ እዚያ ቦታ የለውም። የአልሚዎችን ዓይን የመሳብ ዕድል ያለው ጠባቡ የባብ ኤል ማንደብ ሰርጥ ሲሆን፣ የሰርጡ ፍሰት ግን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ከዓመቱ በአብዛኛው ክፍል የላይኛው ውኃ ወደ ቀይ ባሕር ሲገባ የታችኛውና ይበልጥ ጨዋማ የሆነው ይወጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ግን የላይኛው ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣና ከመካከል ቀዝቃዛና በንጥረ ምግብ የበለጸገ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። የደቡቡ ቀይ ባሕር ሕይወት ከዚህ ገቢ ውኃ ምግብ ስለሚያገኝ፣ በጥቂት ወራት ልኬት ላይ ብቻ ተመሥርቶ እዚያ ተርባይን ለመትከል የሚቀርብ ማንኛውም ዕቅድ የኃይሉንም ሆነ የጉዳቱን መጠን ሊነግር ስለማይችል፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የተደረገ መነሻ ልኬት ሳይያያዝበት ለውሳኔ መቅረብ የለበትም።