ስለ ተራ ቍጥርና ስለ ቤት እንጀራ

ማዕረግ የድካም ዋጋ ነው። ሰው ብዙ ዘመን አገልግሎ ያገኘውን ስፍራ እንደ ርስቱ ቢያከብረውና ቢሳሳለት የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን ማዕረጉን የሰጠው ቤት ደመወዙን መክፈል ያቆመ እንደ ሆነ፥ ስፍራን ጠብቆ መቆየት ይሻላልን፥ ወይስ ትቶ ወደ ሌላ ቤት ገብቶ ከታች መጀመር? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር በአይሮፕላን አብራሪዎች ቤት ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ለባልና ለሚስት ምክር የሚሆን ነገር ስላለበትም በዚህ ገጽ ልንመለከተው ወደድን።

በዚያ አገር በታላላቆቹ ኩባንያዎች እያንዳንዱ አብራሪ በተቀጠረበት ቀን የሚወሰን የተራ ቍጥር አለው። በየትኛው አይሮፕላን እንዲሠራ፥ መቼ ካፒቴን እንዲሆን፥ መነሻው የትኛው ከተማ እንዲሆን፥ በዓልንም ከልጆቹ ጋር ወይም በሰማይ ላይ እንዲውል የሚለየው ይኸው ቍጥር ነው። ሥራ በቀነሰ ጊዜ መጨረሻ የገባው አስቀድሞ ያለ ደመወዝ ይሰናበታል፤ ሥራ ሲመለስም በተራው ይጠራል። ቍጥሩ ግን ከኩባንያው ደጅ አይወጣም። 20 ዓመት የበረረ ካፒቴን እንኳ ወደ ሌላ ኩባንያ ቢገባ፥ ትናንት ከገባው ወጣት ቀጥሎ ከሁሉ በታች ይቆማል።

አዲስ የተቋቋመ ኩባንያ ደግሞ የተሰናበተውን አብራሪ ሲቀጥር፥ አንዳንድ ጊዜ የቀድሞ ተራውን መልቀቁን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቀዋል። ምክንያቱም አብራሪን በአዲስ ዓይነት አይሮፕላን ማሠልጠን ብዙ ሳምንትና ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፥ ከሠለጠነ በኋላ የቀድሞው ኩባንያ ጠርቶ እንዳይወስድበት ይፈራል።

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት የአባቶች ምሳሌዎች ይከራከራሉ። አንዱ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ፥ ጠብቅ ይላል። ሁለተኛው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብሎ፥ ሂድ ይላል። ለሁለቱም ምስክር አላቸው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን ከደረሰው አደጋ በኋላ፥ ታላላቆቹ ኩባንያዎች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ አብራሪዎችን አሰናበቱ። በ2002 ዩኤስ ኤርዌይስና ዩናይትድ በኪሳራ ወደ ዳኝነት ቀረቡ። የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ጡረታ በ2003፥ የዩናይትድም በ2005 ከኩባንያዎቹ እጅ ወጥቶ ለመንግሥት የጡረታ ዋስትና መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ከተሰናበቱትም መካከል ከ5 ዓመት በላይ የጠበቁ ነበሩ። ይህም ሳይበቃ በዲሴምበር 2007 የአብራሪነት የዕድሜ ወሰን ከ60 ወደ 65 ዓመት ከፍ ስላለ፥ ከላይ ላሉት 5 ዓመት ተጨመረላቸው፤ የታችኞቹም ተራ በዚያው መጠን ዘገየ። በዚያው ዘመን ግን በፌብሩዋሪ 2000 መብረር የጀመረው ጄትብሉ የተባለው ኩባንያ እየሰፋ ስለ ሄደ፥ አስቀድመው የገቡበት አብራሪዎች ከበታቻቸው ብዙ ሰው እየተቀጠረ ወደ ካፒቴንነት ፈጥነው ደረሱ።

ሆኖም አዲስ ቤት ሁሉ እንደ ጄትብሉ አይደለም። በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ የተቋቋመው ስካይበስ በሜይ 2007 መብረር ጀምሮ፥ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በኤፕሪል 2008 ተዘጋ። ወደዚያ ለመግባት ሲል የቀድሞ ተራውን የለቀቀ ቢኖር ሁለቱንም አጥቷል። እንዲሁም በወረርሽኙ ጊዜ በኦክቶበር 2020 አሜሪካን ኤርላይንስ ያሰናበታቸው አብራሪዎች፥ መንግሥት በዲሴምበር ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ስለ ፈቀደ፥ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ደመወዝ መዝገባቸው ተመለሱ። ከነርሱ አንዱ በኖቬምበር ቸኵሎ የመልቀቂያ ወረቀት ፈርሞ ቢሆን ኖሮ፥ ጸጸቱ እስከ ጡረታው በተከተለው ነበር።

ስለዚህ ነገሩ በምሳሌ ሳይሆን በሒሳብ ይወሰናል። ባልና ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዘው አብረው ይቀመጡ። መጀመሪያ፥ ከእርሱ በፊት የሚጠሩ ስንት ናቸው፥ በየዓመቱስ ስንት ሽማግሌዎች በጡረታ ይወጣሉ? ሁለተኛ፥ 65 ዓመት እስኪሞላው ስንት ዓመት ይቀረዋል? የ30 ዓመት ሰው ከታች ቢጀምር የሚወጣበት ዘመን አለው፤ የ50 ዓመት ሰው ግን ያ ዘመን አጭር ነው። ሦስተኛ፥ አዲሱ ኩባንያ አንድ ክፉ ዓመት የሚያሻግረው ገንዘብ አለውን? አራተኛ፥ የቀድሞው ውል፥ በተጠሩ ጊዜ ለጊዜው አልመጣም ብሎ ተራን ሳያጡ መቆየትን ይፈቅዳልን? እንዲህ ያለ ፈቃድ ያለባቸው ውሎች አሉ፤ አዲሱም ኩባንያ ፊርማ ካልጠየቀ ሁለቱን ይዞ መቆየት ይቻላል። አብራሪዋ ሚስት ብትሆንም ሒሳቡ ያው ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባት የማይገባው አንድ ነገር ኵራት ነው። ብዙ ሰው ተራውን አልለቅም የሚለው ስለሚጠቅመው ሳይሆን፥ ከእርሱ በዕድሜ የሚያንስ ካፒቴን በግራው ወንበር ተቀምጦ ሲያዘው መታየቱ ስለሚከብደው ነው። ማዕረግና ተራ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻም፤ ነገር ግን ልጆች እንጀራ ሲጠይቁ የአባታቸውን የወንበር ስፍራ አይጠይቁም። ቍጥሩም በአንድ ሰው ስም ቢጻፍ፥ የጥበቃው ዓመት የሚቈጠረው በቤተ ሰቡ ሁሉ ላይ ስለ ሆነ፥ ከትዳር ጓደኛው ጋር ሳይመክር ብቻውን ሊፈርም፥ ወይም ብቻውን አልፈርምም ሊል አይገባውም።

ቈጥሮ የጠበቀ ታጋሽ ነው፤ ቈጥሮ የሄደም ደፋር ነው። ሳይቈጥር የጠበቀና ሳይቈጥር የሄደ ግን ሁለቱም ቤታቸውን ለዕድል ሰጥተዋል።