የሰው ሠርግ የምጣድ ማሟሻ አይደለም

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች አዳራሹም መናፈሻውም በሙሽራ ይጨናነቃል። በዚህ ሰሞን በየሰፈሩ የምትደጋገም አንዲት ጥያቄ አለች፦ «አንተ ካሜራ አለህ አይደል? የእህቴን ሠርግ ለምን አታነሳልንም?»

«ችግር የለም» ይላል ልጁ። ሠርግ አንስቶ አያውቅም። እንደማያውቅም አይናገርም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚች «ችግር የለም» ላይ ነው።

በልጁ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ከየት እንደመጣም ይታይ። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ነው። ልደትና ምርቃት እያነሳ የሻይ የቡና ያገኛል። በእጁ ያለችው አሮጌ ካሜራ ለሠርግ አትበቃም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ካሜራና ሌንስ መግዛት ለእሱ የማይታሰብ ሆኗል። ስለዚህ ይከራያል። ቅዳሜ ማታ መታወቂያ አስይዞ ካሜራ ይወስዳል፣ ሌሊቱን የቁልፎቹን ቦታ ሲፈልግ ያድራል፣ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ሙሽሪት ቤት ይደርሳል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ዝግጅት ነው።

«ማን ከእናቱ ሆድ ተምሮ ወጣ?» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። እውነት ነው፣ ማንም አልወጣም። ነገር ግን ፀጉር ቆራጭ በመጀመሪያ ቀኑ ቢያበላሽ ፀጉር ይበቅላል። እንጀራ ጋጋሪዋም የመጀመሪያውን ለምጣድ ማሟሻ ታደርገዋለች እንጂ እንግዳ ፊት አታቀርበውም። ሠርግ ማሟሻ የለውም። ሙሽሪት የአባቷን ጉልበት ልትስም የምትጎነበሰው አንዴ ነው። አባትም ዕንባውን የሚጠርገው በዚያች ቅጽበት ነው። አንሺው ያኔ ባትሪ እየቀየረ ከነበረ «እስኪ እንደገና ሳሚው» ሊላት ይችላል፤ ትስማለችም። ዕንባው ግን አይደገምም።

ሌላም አለ። ከገጠር የመጣች አያት በወጉ ፎቶ የምትነሳው ምናልባት በዚያ ሠርግ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ልቅሶ ቤት የሚቆም ምስል ሲፈለግ ቤተሰቡ የሚያገላብጠው የሠርጉን አልበም ነው። «ለልምድ ነው» ተብሎ የተነሳ ፎቶ ስንት እንዳስከፈለ የሚታወቀው ያን ቀን ነው።

ታዲያ መዘጋጀት ምንድን ነው? ካሜራ መከራየት አይደለም።

አንደኛው ብርሃንን ማወቅ ነው። ካሜራ ራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የመውሰድ ጠባይ አለው። ነጭ ቬሎ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ምስሉን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል። ቀሚሱ አመድ ይመስላል፣ የሙሽሪት ፊት ይጠፋል። ይህን የማያውቅ አንሺ ጥፋቱን በመልኳ ያሳብብና ኋላ በኮምፒውተር ያነጣታል። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያሰራጨው የቀለም ማመሳከሪያ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፤ ለረጅም ዓመታት በካርዱ ላይ የነበረችውም ነጭ ሴት ነበረች። ያኔ የጠይም ፊት መበላሸት በከፊል የፋብሪካው ጥፋት ነበር። ዛሬ፣ ፊት ላይ ለክቶ ወዲያው ውጤቱን ማየት በሚቻልበት ጊዜ፣ ጥፋቱ የአንሺው ነው።

ሁለተኛው ቦታውን ማወቅ ነው። ተክሊል ከሆነ የት መቆም እንደሚፈቀድና ፍላሽ ይቻል እንደሆነ ካህናቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍላሽ ከተከለከለ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራ ሌንስ መያዝ ግድ ነው። ኒካህ ከሆነ ሴቶቹ ለብቻቸው ሊቀመጡ ይችላሉና እዚያ የምትገባ ሴት አንሺ ማዘጋጀት ያስፈልግ ይሆናል። ይህን ከሳምንት በፊት የጠየቀ ባለሙያ ነው። በሠርጉ ዕለት በር ላይ ቆሞ የሚከራከር ግን ረባሽ ነው።

ሦስተኛው ክፉ ቀንን ማሰብ ነው። ሁለት ካሜራ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ትርፍ ሜሞሪ ካርድ ይያዛል። መብራት ሌሊቱን ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጅ ከቀን ይጀመራል። ፎቶው ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ከካርዱ አይጠፋም። ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሚያውቅ አንድ አንድ ሰው ይመደባል። አለበለዚያ ሚዜው አርባ ጊዜ ሲነሳ የሙሽራው ታላቅ እህት አንዴም ሳትነሳ ይመሻል።

አራተኛው ውል ነው። «በቃል ተስማምተናል» ብሎ መሄድ ለሁለቱም ወገን አደጋ ነው። ስንት ፎቶ፣ መቼ ርክክብ፣ ቢበላሽ ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ፎቶው የት እንደሚለጠፍም ይጻፍ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 በመርህ ደረጃ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ አልበሟ ሳይደርሳት ራሷን ቲክቶክ ላይ የምታገኝ ሙሽራ አለች።

ይህ ሁሉ ሸክም በልጁ ላይ ብቻ መጫን የለበትም። ለዲኮር፣ ለኬክና ለመኪና ሳይከራከር የከፈለ ቤተሰብ ፎቶ ላይ ሲደርስ «ርካሽ ሰው የለም?» ይላል። በማግስቱ አዳራሹ ይፈርሳል፣ ኬኩ ያልቃል፣ መኪናው ይመለሳል። የሚቀረው ያ በርካሽ የተገኘው ነው። ቤተሰብ አንሺ ሲመርጥ አሥር ያማሩ ፎቶዎች ማየት አይበቃውም። «አንድ ሙሉ ሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ አሳየን» ይበል። ማሳየት ያልቻለ ሰው ጀማሪ ነውና ጀማሪ መሆኑ ታውቆ ይቀጠር።

ነባር ባለሙያዎችም አይቀሩም። ብዙዎቹ «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን አባባል «ለማንም አታሳይ» ብለው የተረጎሙት ይመስላል። ረዳት ይዘው ቢሄዱ ጀማሪው ሁለተኛ ካሜራ ሆኖ አምስት ስድስት ሠርግ ያያል። ቢሳሳትም ሠርጉ አይጠፋም። ተወዳዳሪ ይሆንብኛል ብለው በራቸውን ሲዘጉበት ግን ልምዱን በሌላ ሰው ሠርግ ላይ ይፈልጋል። ከዚያ «ጀማሪዎች ገበያውን አበላሹት» ብለው የሚያማርሩት ራሳቸው ናቸው።

ጀማሪነት ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው ነውሩ። ልጁ «ችግር የለም» ከማለት ይልቅ ይህን ቢል ማንም አይጎዳም፦ «ሠርግ አንስቼ አላውቅም። ዋናውን ሌላ ሰው ያንሳ፣ እኔ በረዳትነት ልምጣ።» ምናልባት በዚያ እሁድ ብዙ ብር አያገኝ ይሆናል። ግን ከዓመታት በኋላ አንድ ቤተሰብ የአያቱን ፎቶ ፈልጎ ሲያጣ ስሙ አይነሳም።