ስንጥቅን መሸፈን ጥገና አይደለም

የፋይበርግላስ አካሏ የተሰነጠቀ አሮጌ መኪና ወደ ወርክሾፕ ስትገባ፣ የአብዛኞቻችን እጅ በመጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ስቱኮው ቆርቆሮ ነው። እኛም ለፕሮጀክት ሥራችን ያነሣናትን መኪና የጀመርናት በዚሁ መልክ ነበር። በፓራፋንጎዋ ላይ የነበረውን የአንድ ስንዝር ስንጥቅ በስቱኮ ሞላነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፤ ቀለም ቀባነው። (ከመስታወት ክር የተሠራን ነገር በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ስሙ ራሱ ፈገግ ያሰኛል።) ለዐይን እንከን አልነበረበትም። ጥቂት ቀናት በኮረኮንች መንገድ ከተነዳች በኋላ ግን ስንጥቁ በቀድሞው መስመር ተመልሶ ብቅ አለ፤ ጫፉም ከነበረበት ሁለት ጣት ያህል ገፍቶ ተገኘ። የፋይበርግላስ ጥገና የመልክ ማሳመር ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ይብቃ የምንለው ከዚያ ሀፍረት ተነሥተን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ መስታወት ባሕርይ መመለስ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ መስታወት በቀላሉ የሚሰበረው በገጹ ላይ ባሉና ለዐይን በማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ምክንያት ነው። ክሩ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ለትልልቅ ስንጥቆች የሚሆን ቦታ አይኖርም፤ ጥንካሬውም ይጨምራል። ፋይበርግላስ ይህን ቀጭን ክር በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ በመቅበር የሚገኝ ቁስ ነው። ክሩ ኃይል ይሸከማል፤ ሬዚኑ ደግሞ ኃይሉን ከክር ወደ ክር ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ፍሊንት ከተማ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 300 የሸቭሮሌ ኮርቬት መኪኖች አካላቸው ከዚሁ ቁስ ነበር።

እንግዲህ አካሉ ተሰንጥቋል ስንል ክሩ ተበጥሷል ማለታችን ነው፤ የተበጠሰ ክር ደግሞ መልሶ አይቀጠልም። ማድረግ የሚቻለው አዲስ ክር በላዩ አስተኝቶ ኃይሉ በሬዚኑ በኩል እንዲሻገር መንገድ መክፈት ነው። ለመሻገሪያው ሰፊ ገጽ ያስፈልጋል። በተራ ስቱኮ ውስጥ ያለው ዱቄትና ሬዚን ስለሆነ ይህን ሸክም አይችለውም። ስለዚህ የስንጥቁ ጠርዞች ተፈግፍገው ቀስ በቀስ መሳሳት አለባቸው። በሙያው ከተለመዱት ልኮች አንዱ የውፍረቱ አሥራ ሁለት እጥፍ ነው፤ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ለሆነ አካል በእያንዳንዱ ጎን 36 ሚሊሜትር ማለት ነው። ትንሽ ቁስል ለማዳን ይህን ያህል ጤነኛ ገላ መግፈፍ ጀማሪን ያስደነግጣል። እኛንም አስደንግጦን ነበር።

የጉዳቱ ስፋትም በዐይን ብቻ አይለካም። በሳንቲም ጠርዝ ቆርቆር እያደረጉ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ንብርብሩ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የእኛ የስንዝር ስንጥቅ በዚህ ምርመራ ወደ ክንድ ተጠጋ።

ቀጣዩ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። አስቀድሞ የደረቀ ፖሊስተር ከአዲሱ ሬዚን ጋር እምብዛም አይዋሐድም፤ አዲሱ ንብርብር በአብዛኛው የሚይዘው በሸካራነቱ ነው። በመሆኑም ገጹ በሻካራ ወረቀት መቧጨርና ከአቧራና ከጣት ቅባት መጽዳት አለበት። ሬዚኑን የሚያደርቀው ፐርኦክሳይድ በተለምዶ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ጠዋት ሬዚኑ አልደርቅ ሲል መጠኑን በግምት መጨመር ያምረናል። ይህ ስሕተት ነው። ውሕዱ ራሱን በራሱ አግሎ ሊሰነጠቅ፣ ሊጨስም ይችላል። ቀትር እስኪሆን መጠበቅ ወይም ክፍሉን ማሞቅ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የሠሪው ሳንባና ዐይን ነው። የኮባልት አፋጣኝና ፐርኦክሳይድ በቀጥታ ከተደባለቁ ሊፈነዱ ይችላሉ። ፐርኦክሳይዱ ዐይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ከሬዚኑ የሚተነው ስታይሪን በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 «ለሰው ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም» ከሚባሉት ምድብ ተመድቧል። የጨርቅ ጭንብል ይህን እንፋሎት አያስቀርም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። እኛ ሥራውን ስንጀምር ሁለቱም አልነበሩንም፤ «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል» ተባብለን ገባንበት። ዛሬ ቢሆን ጭንብልና መነጽር እስኪገኝ ሥራው ይቆይ እንላለን፤ የፕሮጀክቱ ቀን ቢያልፍም እንኳ።

ሌላው ቅሬታችን በምዘናው ላይ ነው። የተማሪ መኪና የሚመዘነው በዐውደ ርእይ ቀን በሚያብረቀርቀው ቀለሙ ከሆነ፣ ተማሪው ስቱኮን ቢመርጥ አንፈርድበትም። ከአንድ ስባሪ ሁለት ቁራጮች ተወስደው አንዱ በስቱኮ፣ ሌላው ጠርዙ ሳስቶ በአዲስ ክር ይጠገን፤ ከዚያም ሁለቱ እስኪሰበሩ ክብደት ይንጠልጠልባቸው። ለዚህ ከባልዲና ከአሸዋ ሌላ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ነጥቡም ለተሰበረበት ክብደትና ተማሪው ለሚሰጠው ምክንያት ይሁን።

መኪናችን በሁለተኛው ጥገና እየተነዳች ነው። ለቀለም የሚሆን ገንዘብ ስላለቀብን የተጠገነው ስፍራ እንደ ጠባሳ ይታያል።