ሲስተም የለም

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ነገር ባንክ ቤት ለምደናታል፤ ወረፋችንን ጥለን ነገ እንመለሳለን። ሆቴል ላይ ግን ዓሣው ተበልቷል፣ አልጋው ታድሮበታል። ነገ ተመለሱ አይባልም።

ጎርጎራን ውሰዱ። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» አንዱን ሰሃን እስከ 10 ሚሊዮን ብር ሸጦ ሊያለማቸው ከተነሳላቸው ሦስት ቦታዎች አንዷ ናት። በሐምሌ 2015 ደግሞ በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ሪዞርት ሲሠራ ኔትወርክ ይጠፋል ብሎ ማሰብ እንግዲህ ሟርት አይደለም።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ፖስ ማሽኑም ይበራል። የቴሌ ማማው ባትሪ ካለቀ ግን ማሽኑ በርቶ የሚያወራው የለውም። ዳታ ብቻ ከጠፋ ነገሩ ቀላል ነው፤ የቴሌብር *127# ዳታ አይፈልግም፣ ስልክ የሚያስደውል ሲግናል ይበቃዋል። ይህን የማያውቅ ካሸር ካለ የባለቤቱ ጥፋት ነው።

ጭቅጭቁ የሚመጣው የእንግዳው ስልክ «ተልኳል» ሲል፣ የካሸሩ ስልክ ዝም ሲል ነው። ማን ይመን? ቀሪው ከማን ኪስ ይውጣ? መጋቢት 7 ቀን 2016 ንግድ ባንክ ሲስተሙ ተሳስቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጣበት። ባንኩ አብዛኛውን አስመለሰ፣ የሰዎቹንም ስምና ፎቶ ለጠፈ። የጎርጎራ አስተናጋጅ የማንን ፎቶ የት ይለጥፋል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ሕግ ወይም ደንብ ካልፈቀደ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ ደሞዝ አይቆረጥም። (ሥራ ስትጀምሩ የፈረማችሁትን ወረቀት አንብባችሁት ነበር?)

ህንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ኔትወርክ የሚፈጸም ክፍያን ስትፈቅድ በአንድ ጊዜ ከ200 ሩፒ አይለፍ ብላለች። ኪሳራው ከመምጣቱ በፊት ልኩ ታወቀ ማለት ነው። ሆቴልም ይህን ማድረግ ይችላል፤ አልጋ ኔትወርክ እያለ፣ ቁልፍ ሲሰጥ ይከፈል። ለቡናና ለቢራ ጣሪያ ይውጣ፤ እስከዚያ ድረስ በካርቦን ወረቀት ስምና ስልክ ተጽፎ በዱቤ ይሂድ፣ የቀረውን ቤቱ ይቻል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ከአስተናጋጁ አይቆረጥ!

ወደ ጣና ዳር የምትወርዱ ካላችሁ ደግሞ ሂሳቡን ምግቡ እንደመጣ ክፈሉ። ቲፑን በካሽ።